የዩኒቨርስቲ መምህራን የደመወዝ ክርክርና የተማሪው ዕጣ፤ የናይጄሪያ ታሪክ ከ1973 እስከ 2023

ስለ ዩኒቨርስቲ መምህራን ደመወዝ ክርክር በተነሣ ቁጥር ጎልተው የሚታዩት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንደኛው ከፋዩ መንግሥት፣ ሁለተኛው ተከፋዩ መምህር። ክርክሩ በድርድር ሳይፈታ ቀርቶ ወደ ሥራ ማቆም አድማ ባመራ ጊዜ ግን ከሁለቱም ይልቅ ዕዳው የሚከብደው ወደ ድርድሩ ሸንጎ ባልተጠራው ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በተማሪው ላይ ነው። ይህ አባባል በየጊዜው በስሜት ይነገራል እንጂ ተማሪው በምን መንገድ እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱስ የት ተመዝግቦ እንደሚገኝ ተለይቶ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ለዚህ ምርመራ ከአፍሪካ አገሮች መካከል የናይጄሪያን ያህል ረዥምና ተከታታይ ታሪክ ያለው አገር ማግኘት ያዳግታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሷል።

የክርክሩ አነሣሥ

በናይጄሪያ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በ1948 በኢባዳን ከተማ፣ በለንደን ዩኒቨርስቲ ሥር የተቋቋመው ኮሌጅ ነበር። በነፃነት ዋዜማ የአገሪቱን የትምህርት ፍላጎት እንዲያጠና የተሰየመው የአሽቢ ኮሚሽን በ1960 ባቀረበው ዘገባ ትምህርትን የወደፊት ሀብት ማፍሪያ አድርጎ በመውሰዱ፣ በ1962 የዩኒቨርስቲዎቹ ቁጥር አምስት ደረሰ። በዚያን ዘመን የዩኒቨርስቲ መምህርነት ከከፍተኛ የመንግሥት ሹመት የማያንስ ክብርና ገቢ ነበረው።

ይህ ሁኔታ መናድ የጀመረው የርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። በ1965 የተቋቋመው የናይጄሪያ የዩኒቨርስቲ መምህራን ማኅበር በ1973 ደመወዝና የሥራ ሁኔታ እንዲሻሻል ጠይቆ ሥራ ባቆመ ጊዜ፣ የጄኔራል ጎዎን ወታደራዊ መንግሥት መምህራኑ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ አለዚያ የሚኖሩበትን የመንግሥት ቤት ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። መምህራኑም ተመለሱ። የሚኖርበት ጣራ የአሠሪው ንብረት የሆነ መምህር ምን ያህል ሊከራከር እንደሚችል በገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በተከታዩ ዓመት የወጣው የኡዶጂ ኮሚሽን ዘገባ የዩኒቨርስቲ መምህራንን ደመወዝ ከሲቪል ሰርቪስ መደብ ጋር አያያዘው፤ በ1975 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በክልል መስተዳድሮች ሥር የነበሩትን ዩኒቨርስቲዎች ጠቅልሎ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም የደመወዝ ጥያቄ የሚቀርበው ለአንድ አሠሪ በመሆኑ፣ የአንድ ዩኒቨርስቲ ክርክር የሁሉም ክርክር፣ የአንዱ መዘጋትም የሁሉም መዘጋት የሚሆንበት መሠረት ተጣለ። ለኋለኛው ዘመን ችግር ከደመወዙ መጠን ያላነሰ ምክንያት የሆነው ይህ አወቃቀር ይመስላል።

በ1978 ነባሩ ማኅበር በዩኒቨርስቲዎች የአካዳሚክ ሠራተኞች ማኅበር፣ በአህጽሮት አጠራሩ በአሱ ተተካ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የተማሪዎች የቀን ምግብ ዋጋ ከ50 ኮቦ ወደ 1 ናይራ ከ50 ኮቦ ከፍ እንዲል በመደረጉ፣ የትምህርት ኮሚሽነሩ ኮሎኔል አህማዱ አሊ ከሥልጣን እንዲወርዱ የሚጠይቅ ታላቅ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ተነሣ። በሌጎስና በዛሪያ ተማሪዎች ተገደሉ፤ የተማሪዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ታገደ፤ ተማሪዎቹን ደግፋችኋል የተባሉ መምህራንም ከሥራ ተባረሩ። ይህን እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈለገው ለኋላው ታሪክ መለኪያ እንዲሆን ነው። በ1978 መምህሩና ተማሪው በአንድ ወገን የቆሙ ነበሩ። ከ44 ዓመት በኋላ የሚታየው ግን ሌላ ነው።

ውልና አድማ እየተፈራረቁ

በ1986 የተጀመረው የኢኮኖሚ መዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም የናይራን የመግዛት ኃይል አዳከመው። በ1985 አንድ የአሜሪካ ዶላር ከአንድ ናይራ ባነሰ ይመነዘር የነበረ ሲሆን፣ ከስምንትና ዘጠኝ ዓመታት በኋላ በመንግሥቱ ተመን እንኳ ከ20 ናይራ በላይ ሆነ። በወረቀት ላይ ሳይቀነስ የቆየው ደመወዝ በገበያ ላይ ቀልጦ በመቅረቱ አያሌ መምህራን ወደ ውጭ አገር ፈለሱ። አሱ በ1988 የተሻሻለው የደመወዝ መደብ በሥራ እንዲውል ጠይቆ አድማ ሲመታ፣ የጄኔራል ባባንጊዳ መንግሥት በኦገስት ወር ማኅበሩን አገደው፤ መሪዎቹም ታሰሩ። እገዳው በ1990 ተነሣ።

በታሪኩ ውስጥ የተለየ ሥፍራ ያለው የ1992ቱ አድማ ነው። መንግሥት ማኅበሩን እንደገና ቢያግድም መምህራኑ ወደ ሥራ ባለመመለሳቸው፣ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1992 ስምምነት ተፈረመ። በዚያን ጊዜ ማኅበሩን የመሩት አታሂሩ ጄጋ ከብዙ ዓመታት በኋላ የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ለመሆን የበቁት ሰው ናቸው። ስምምነቱ ደመወዝን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። በ1993 በአዋጅ የወጣው፣ ያኔ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 2 ከመቶ ለትምህርት እንዲከፍሉ ያስገደደው የትምህርት ግብር የተገኘው ከዚህ ድርድር ነው። በኋላ ዘመን በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች የተሠሩ የመማሪያ አዳራሾች፣ ቤተ ሙከራዎችና ቤተ መጻሕፍት ገንዘባቸውን ያገኙት ከዚህ ግብር ሲሆን፣ ግብሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2011 ሕግ እንደገና ተዋቅሯል። ስለሆነም አድማ ተማሪውን ይጎዳል ብሎ ብቻ መደምደም ከታሪኩ ግማሹን መተው ይሆናል። በ1992 ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ ባጣው ጊዜ ከእርሱ በኋላ የመጣው ተማሪ ቤተ ሙከራ አግኝቷል። ችግሩ የመጀመሪያው ተማሪ ይህን ልውውጥ ፈቅዶ ያልገባበት መሆኑ ነው።

ከ1992 በኋላ ያለው ታሪክ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይደጋገማል። ውል ይፈረማል፤ የውሉ ገንዘብ በበጀት ሳይያዝ ይቀራል፤ ማኅበሩ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አድማ ይከተላል፤ ያለፈውን ውል ለማስፈጸም አዲስ ውል ይፈረማል። በ1996 ለስድስት ወር ያህል፣ ከ2002 መጨረሻ እስከ 2003 አጋማሽ እንዲሁ ለስድስት ወር፣ በ2009 ለአራት ወር ያህል ትምህርት ተቋርጧል። በኦክቶበር 2009 የተፈረመው ስምምነት በየሦስት ዓመቱ እንዲከለስ በራሱ አንቀጽ ቢደነግግም፣ የክለሳው ጊዜ ሲደርስ ግን ክለሳው ቀርቶ ስምምነቱ ራሱ ገና በሙሉ አልተፈጸመም ነበር። ከጁላይ 1 እስከ ዲሴምበር 17 ቀን 2013 የዘለቀው አድማ መነሻው ይኸው ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ዩኒቨርስቲዎቹን ለማደስ በድምሩ 1.3 ትሪሊዮን ናይራ፣ በመጀመሪያው ዓመት 200 ቢሊዮን ከዚያም በአምስት ተከታታይ ዓመታት በያመቱ 220 ቢሊዮን ለመስጠት ቃል ገብቶ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በኋላ የገባው ቃል እንደተጻፈው አልቀጠለም። የቀድሞው የማኅበሩ ፕሬዚዳንትና ደራሲ ፌስተስ ኢያዪ ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ አድማ ወቅት፣ በኖቬምበር 2013 ወደ ማኅበሩ ስብሰባ በመጓዝ ላይ ሳሉ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው።

በ2020 የክርክሩ ርዕስ ጥቂት ተለወጠ። መንግሥት የመምህራኑን ደመወዝ በአንድ ማዕከላዊ የክፍያ መዝገብ በኩል ለመክፈል ሲወስን፣ ማኅበሩ የዩኒቨርስቲን ራስን የማስተዳደር መብት ይነካል በማለት ተቃወመ፤ በመዝገቡ ያልገቡ መምህራን ደመወዝም ተያዘ። ከማርች 2020 የጀመረው አድማ ከኮሮና ወረርሽኝ መዘጋት ጋር ተደርቦ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ቆየ። አሥራ አራት ወር ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 የተጀመረው ሌላ አድማ ደግሞ ስምንት ወር ወሰደ። የናይጄሪያ ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 21 ቀን መምህራኑ ወደ ሥራ እንዲመለሱ አዝዞ፣ ይግባኝ ሰሚውም ትእዛዙ በቅድሚያ እንዲከበር ከወሰነ በኋላ አድማው በኦክቶበር 14 ቀን ቆመ።

ጉዳቱ የት ይገኛል

በ2019 መጸው መጀመሪያ ዩኒቨርስቲ የገባ ተማሪ እስከ ኦክቶበር 2022 ድረስ ሦስት ዓመት፣ ማለትም 36 ወር አሳልፏል። ከነዚህ ውስጥ አሥራ ሰባቱን ትምህርት አላገኘም፤ ግማሽ ለመሙላት የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው። ይሁንና የትምህርት ውጤት ጥናት የሚያካሂድ ባለሙያ የዚህን ተማሪ የፈተና ውጤት ቢመለከት ያልተለመደ ነገር ላያገኝ ይችላል። በትምህርት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። በዩኒቨርስቲ ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና የማለፊያውን ወሰን የሚቆርጠው ያው የሚያስተምረው መምህር ነው። አሥራ አምስት ሳምንት ይፈጅ የነበረ ኮርስ በስምንት ሳምንት ቢጨረስ ፈተናውም የሚዘጋጀው ከስምንቱ ሳምንት ነው፤ የሚያልፈውም ሰው ቁጥር እንደ ቀድሞው ይሆናል። ጉድለቱ ከመዝገብ ተሰውሮ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገለጠውም በሌላ ቦታ ነው፤ ያልተሠራ የቤተ ሙከራ ልምምድ፣ ሳይነበብ የቀረ መጽሐፍ፣ ከመምህር ጋር ሳይመከርበት የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ በሥራ ዓለም ጊዜ ጠብቆ ይወጣል።

በመዝገብ የሚታየው ጉዳት የዕድሜ ነው። በናይጄሪያ ከ1973 ጀምሮ እያንዳንዱ ተመራቂ አንድ ዓመት በብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ጓድ የማገልገል ግዴታ አለበት። ሲመረቅ ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ሰው ግን ከአገልግሎቱ ነፃ ስለሚደረግ የሚሰጠው የነፃነት ማስረጃ ነው። በሕጉ ሁለቱ ማስረጃዎች እኩል ይመስላሉ፤ በቅጥር ጊዜ ግን በርካታ አሠሪዎች የሚፈልጉት ያገለገለውን፣ በዕድሜም ወጣት የሆነውን ነው። ለመግቢያ ፈተና ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀምጦ በ23 ዓመቱ ለገባ የደሃ ገበሬ ልጅ፣ አምስት ዓመት የሚፈጀው የምህንድስና ትምህርት ሰባት ዓመት በሆነ ጊዜ ያች የ30 ዓመት ወሰን በር ላይ ትጠብቀዋለች። የአድማውን ርዝመት የሚወስኑት ተደራዳሪዎች ይህን ወሰን አላወጡትም፤ የተማሪውን ዕጣ ግን ከነርሱ ውሳኔ ጋር አገናኝቶታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመግቢያው ወረፋ ነው። አገር አቀፉ የመግቢያ ፈተና በያመቱ ይሰጣል እንጂ አድማ ስላለ አይቋረጥም። ዩኒቨርስቲው ግን ያሉትን ተማሪዎች ወደ ቀጣዩ ዓመት ሳያሳልፍ አዲሶቹን የሚያስቀምጥበት ክፍልም መኝታም የለውም። ስለዚህ የአድማው ጉዳት ገና ዩኒቨርስቲ ወዳልገባው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይተላለፋል። ፈተና አልፎ ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቅ ወጣት ደግሞ በየትኛውም የተቋም መዝገብ ላይ ተማሪ ተብሎ ስለማይቆጠር ከጉዳተኞች ቁጥር ውስጥ አይገባም። ከግቢ ውጭ ቤት የሚከራዩት ተማሪዎች የዓመት ኪራይ በቅድሚያ የሚከፍሉ በመሆናቸው፣ ትምህርት ቢኖርም ባይኖርም ገንዘቡ አይመለስም።

የሀብታሙ ልጅ ጉዳይ ሌላ መንገድ አግኝቷል። በ1999 የመጀመሪያዎቹ ሦስት የግል ዩኒቨርስቲዎች ፈቃድ ተሰጣቸው፤ በ2022 ቁጥራቸው ከ100 በላይ ሆነ። እነዚህ ተቋማት ከትምህርታቸው ጥራት ባላነሰ የሚያስተዋውቁት የትምህርት ዘመናቸው የማይቋረጥ መሆኑን ነው። ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ጋናና ወደ ቤኒን ሪፐብሊክ ይልካሉ። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የቀረው በአብዛኛው አማራጭ የሌለው ነው። የውሉ አስፈጻሚ ከሆኑት ባለሥልጣኖች መካከል ልጆቻቸውን በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚያስተምሩት ጥቂቶች መሆናቸውን አሱ በተደጋጋሚ የተናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአድማ ሊገኝ የሚችለው ግፊት የሚያርፈው ግፊት ሊሰማው በማይችል ወገን ላይ ሆኗልና።

የኢሎሪን ነገር

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለፍርድ የሚያስቸግረው የኢሎሪን ዩኒቨርስቲ ጉዳይ ነው። በ2001 በአገር አቀፉ አድማ የተካፈሉ 49 መምህራን በዩኒቨርስቲው አስተዳደር ከሥራ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ የኢሎሪን መምህራን ከማኅበሩ ተለይተው ለብዙ ዓመታት በአድማ ሳይካፈሉ ቆዩ። ሌላው ዩኒቨርስቲ ሲዘጋ ኢሎሪን ያስተምር ነበር፤ የአራት ዓመት ትምህርት በአራት ዓመት ያልቅ ነበር። ከዚህ የተነሣ በመግቢያ ፈተና ጊዜ ከፍተኛ የአመልካች ቁጥር ካላቸው ዩኒቨርስቲዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ። ወላጅና ተማሪ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ለማይቋረጥ የትምህርት ዘመን ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጡ በማመልከቻ ቅጽ ተናግረዋል።

ይሁን እንጂ ያ ጸጥታ የተገኘበት መንገድ ሕገ ወጥ ነበር። የናይጄሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 መምህራኑ የተባረሩት ከሕግ ውጭ መሆኑን ወስኖ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዟል፤ ፍርዱን ለማግኘት ስምንት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ለተማሪው ጥቅም ሲባል የመምህሩን መብት መርገጥ ይገባ ነበር የሚል ሰው የነዚህን 49 ሰዎች ስምንት ዓመት መልስ ሊሰጥበት ይገባል፤ የመምህሩ መብት ከሁሉ ይቀድማል የሚል ደግሞ በዚያው ዘመን ኢሎሪን በጊዜያቸው የተመረቁትን ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር አለበት። የኢሎሪን መምህራንም ቢሆኑ በኋላ ወደ ማኅበሩ ተመልሰው በአገር አቀፉ አድማ ተካፍለዋል። ይህም ጸጥታው የቆየው ቅሬታው ስለ ጠፋ እንዳልነበረ ያመለክታል።

የአገራችን አንባቢ ከዚህ ጋር የሚያነጻጽረው ታሪክ ያጣል ተብሎ አይገመትም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ የደመወዝ ጥያቄያቸው ሴክተር ሪቪው ተብሎ ከሚታወቀው የትምህርት ጥናት ጋር ተያይዞ የቀረበ ነበር። ጥናቱ በነሐሴ ወር 1964 ዓ.ም. ተጠናቆ ለሕዝብ ሳይገለጥ እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. በመቆየቱ፣ መምህሩ ደመወዜ ይቀነሳል፣ ወላጁ ልጄ ከአራተኛ ክፍል በላይ አይማርም የሚል ስጋት አድሮበት ነበር። በዚያን ጊዜ ተማሪውና ወላጁ ከመምህሩ ጎን የቆሙት የደመወዝ ጥያቄ ስለ ቀረበላቸው አይደለም፤ የራሳቸውን ጉዳይ በውስጡ ስላዩ ነው። የናይጄሪያም የ1992 አድማ በሕዝብ ዘንድ ተደማጭነት ያገኘው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነበር።

ወገን የሌለው ተማሪ

በሴፕቴምበር 2022፣ አድማው ሰባተኛ ወሩን በያዘ ጊዜ፣ ብሔራዊው የተማሪዎች ማኅበር አባሎቹን አሰልፎ ከሌጎስ ወደ ኢባዳን የሚወስደውን አውራ ጎዳናና ወደ ሌጎስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርሰውን መንገድ ዘጋ። የተማሪዎቹ ጥያቄ ትምህርት ይከፈት የሚል ብቻ ነበር። በ1978 የተሰለፉት ተማሪዎች የሚቃወሙት ባለሥልጣን በስም የሚታወቅ፣ የሚደግፏቸውም መምህራን በአጠገባቸው የነበሩ ሲሆን፣ የ2022ቱ ተማሪዎች መንገድ የዘጉት ከክርክሩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው መንገደኛ ላይ ነው። በማንኛውም የድርድር ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ወገን ድምፁን ለማሰማት የሚያገኘው ሥፍራ ምናልባት መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከ2017 እስከ 2022 ድረስ የ2009ኙን ስምምነት ለመከለስ ሦስት ተደራዳሪ ኮሚቴዎች ተፈራርቀው ሲሠሩ፣ የትምህርት ዘመኑ ቢቋረጥ ለተማሪው የሚካስበትን መንገድ ከደመወዝ ሠንጠረዡ እኩል ርዕስ ያደረገው አልነበረም።

አድማው ከቆመ በኋላ የተነሣው ክርክር የስምንቱ ወር ደመወዝ ነበር። መንግሥት ያልሠራ አይከፈለውም የሚለውን የሥራ ክርክር ሕግ አንቀጽ ጠቅሶ ክፍያውን ከለከለ፤ የኦክቶበር 2022 ደመወዝም መምህራኑ ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ ብቻ ተሰልቶ ተሰጠ። በፋብሪካ ረገድ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ያልተመረተ ጨርቅ አይሸጥም፣ ላልሸመነ ሸማኔም አይከፈልም። የዩኒቨርስቲ ሥራ ግን ጠፍቶ የሚቀር ሳይሆን የሚከማች ነው። በስምንቱ ወር ያልተሰጠው ትምህርት መምህሩ ሲመለስ በተጣበበ ጊዜ ውስጥ ይሰጣል፣ ፈተናውም ይታረማል፤ ስለዚህ መምህራኑ ሥራውን እየሠራን ደመወዙን ተከለከልን ብለው ተከራከሩ። መንግሥትም የሚከፍል ከሆነ አድማ ዋጋ የማያስከፍል ይሆናል ሲል መለሰ። ሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ። በክርክሩ መካከል ያልተነሣው ጥያቄ ደመወዙ የተከለከለ መምህር የቀረውን ትምህርት በሙሉ ልቡ የሚያካክስበት ምክንያት ምን እንደሆነ ነው። ለተማሪው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ያ ነበር።

በኦክቶበር 2023 የፕሬዚዳንት ቲኑቡ መንግሥት ከስምንቱ ወር የአራቱ ደመወዝ እንዲለቀቅ ፈቀደ። ቀሪው አራት ወር በይደር ቆየ። በ2019 የገባው ተማሪ በዚያን ወር አራት ዓመቱን ሞልቶ የነበረ ሲሆን፣ ትምህርቱን ለመጨረስ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።